ለገዳይ 99 ተያዥ የሆንኩበት ቀን

አሠሪ «ምን ይመስልሻል?» ብላ ስትጠይቅ ትክክለኛው መልስ «ጥሩ ነው» የሚል ነው። ይህንን በሰው ቤት ሥራ አንድ ዓመት የቆየች ሁሉ ታውቀዋለች። መጋረጃው ጥሩ ነው፣ ፀጉርዎ ጥሩ ነው፣ ያ ዓርብ ዓርብ የሚመጣው ፂማም ሰውዬም ጥሩ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ግን ስድስት ዓመት ጅቡቲ ኖሬ፣ በአራት ቋንቋ «እሺ» ማለት እየቻልኩ፣ አንድ ቀን ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ቪላ ሳሎን ውስጥ የአቧራ ጨርቄን እንደያዝኩ አፌን ከፈትኩት። ዝንብ ብቻ ቢገባበት ደግ ነበር። የገባበት አንድ መንደር ሙሉ ሰው ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ማዳም የምላት አሠሪዬ ፈረንሳዊት ናት። ጅቡቲ የመጣችው ባሕር ስለምትወድ ነው፤ ሥራዋ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ የትም ይሠራል። ሥራዋ ጌም መሥራት ነው። ጌም ስላችሁ ስልክ ላይ ከረሜላ የሚያፈነዱበትን እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው ከየአገሩ ያለ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ሌላ ሰው ሆኖ የሚኖርበት ነው፤ አንዱ ነጋዴ ይሆናል፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ወታደር። ቀን ባንክ ሲሠራ የዋለ ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚያ ገብቶ ዓሣ ያጠምዳል አሉ። እኔ የማውቃቸው ዓሣ አጥማጆች ባንክ ግቡ ቢባሉ መረባቸውን ጥለው የሚሮጡ ናቸው። ሰው የሌለውን ይመኛል ማለት ነው።

የማዳም ድርሻ የመግቢያው መንደር ነበር፤ አዲስ ተጫዋች መጀመሪያ ዓይኑን የሚገልጥበት ቦታ። ችግሩ ዓይኑን እንደገለጠ መልሶ መጨፈኑ ነው። ሰዎቹ ይገባሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣሉ፣ ከወጡ አይመለሱም። አለቆቿ ከአውሮፓ ደውለው «መንደሩ ነፍስ የለውም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው የሚሰነብትበት ካልሆነ ጌሙን እንዘጋዋለን» አሏት። ጌሙ ተዘጋ ማለት ማዳም አገሯ ገባች ማለት ነው። ማዳም አገሯ ገባች ማለት እኔ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ወጣሁ ማለት ነው። ታናሽ እህቴ ድሬዳዋ ነርሲንግ ትማራለች፤ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ የምትማረው በእኔ ነው። ደግሞ ማዳም ቤት የክፍሌ ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሰው ቤት ያደረች ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ቤት ሁለተኛ አላገኝም ብዬ ፈርቻለሁ።

«እስቲ ነይ እዪው» አለችኝ በዚያ ቀን። ትልቁ ስክሪን ላይ መንደሩ ተዘርግቷል። እውነት ለመናገር ያምራል። ዛፉ ይወዛወዛል፣ ምንጩ ይፈሳል። ቁምጣ ብቻ የለበሰ ጎረምሳ ከሰማይ የወደቀ ይመስል መሃል አደባባይ ላይ ተገትሯል። አዲስ ተጫዋች ማለት እሱ ነው። ማዳም እየነዳች አንድ ቤት አስገባችው። አላንኳኳም። እንደምን ዋላችሁ አላለም። ቀጥ ብሎ ጓዳ ገባ፣ እንስራ አንስቶ መሬት ላይ ከሰከሰው፣ ከውስጡ የወጣውን ዳቦ ኪሱ ከተተ። የቤቱ እመቤት አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጀግናው» አለችው።

«ምን ይመስልሻል?» አለች ማዳም።

«ሴትዮዋ አሟታል?» አልኩ።

«አላመማትም። ምነው?»

«እንስራዋን ሰበረባት እኮ። ዳቦዋን ወሰደ እኮ።»

ማዳም ስክሪኑን እንደገና አየችው። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት። ቀጥሎ ግን የመንደሩ ሽማግሌ መጡና ለዚያ ቁምጣ ለባሽ ሰይፍ አንስተው ሰጡት። ስሙን አልጠየቁትም፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቁትም። እኔ ማዳም ቤት ስገባ ያንን ከባዱን የብረት ድስት ለብቻዬ እስክታምነኝ ሁለት ወር ፈጅቶባታል። እኚህ ሰውዬ ግን ሰይፍ ለማያውቁት ሰው። ከዚያ በኋላ ምላሴን የያዘው አልነበረም። በቀትር ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ለምን እንደቆመ ጠየቅኩ። ባዕድ ሲገባ ውሾቹ ለምን እንደማይጮሁ ጠየቅኩ። ዶሮዎቹ የማን እንደሆኑ ጠየቅኩ። ማዳም ደብተር አምጥታ መጻፍ ጀመረች፤ እኔም ስትጽፍልኝ ሳይ ይበልጥ ተናገርኩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ግን ደጃዝማችነት ያማረኝ ሴት አልነበርኩም፣ ያማረኝ እዚያው ቤት መቆየት ነው።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ጥላውን አስተካከልን፤ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱ ይግባ አልኩ። ገባ። ጌሙን አስቀድመው የሚሞክሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ በዚያው ሰዓት ገብተው ባዶ መንደር አገኙና «ሰው ሁሉ ጠፍቷል፣ ጌሙ ተበላሽቷል» ብለው ጻፉ። ማዳም ተጨነቀች። እኔ ደግሞ በረኛውን ኤልሚን ጠራሁት።

ኤልሚ ባልባላ የሚኖር የአገሩ ሰው ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል፣ ፈረንሳይኛውንም ትምህርት ቤት ነው የተማረው። እኔን «አባዮ» ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየና አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«አባዮ፣ እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ነገር የላቸውም» አለ። «የሚጠብቀው ነገር የሌለው ከተማ ምን ከተማ ነው?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ሰባት ሰዓት ሲሆን የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲገባ ይህ ከተማ እንዴት እንደሚሆን ያላየ ሰው ጅቡቲን አየሁ አይበል። ለማዳም ነገርናት፣ ደስ አላት፣ ጋሪ ሠራች። ጋሪው በቀትር ጡሩምባ እየነፋ ይገባል፤ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ከየቤቱ ይሮጣል፤ ከዚያ ጥላ ሥር ተደርድሮ ይቅማል። አለቆቿ ሲያዩት ልጆች የሚጫወቱበት ጌም ላይ ጫት አይታሰብም አሉ። ማዳም አንድ ቀን ሙሉ አስባ ቅጠሉን ሰላጣ አደረገችው። ስለዚህ የመንደሩ ሽማግሌዎች በቀትር ለሰላጣ እየተጋፉ ይሮጣሉ፣ ሰላጣ በጉንጫቸው ወጥረው ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ፖለቲካ ያወራሉ። ኤልሚ ይህን ሲያይ በጣም ከፋው፤ ለሁለት ቀን ሳሎን አልገባም አለ። ሞካሪዎቹ ግን ሰላጣው ተአምር የሚሠራ መስሏቸው በየጓዳቸው ማከማቸት ጀመሩ።

ቀጥሎ ሰላምታ አስጨመርኩ። ማንም የመንደሩ ሰው በቅጡ ሰላም ሳይባል ለጥያቄ መልስ አይሰጥም። በቅጡ ማለት ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ የትናንት ሌሊት እንቅልፉን። አንዱ ሞካሪ «ምንጩ ወዴት ነው ብዬ ጠይቄ አሥር ደቂቃ ስለ አክስቴ ጉልበት ተጠየቅኩ» ብሎ ጻፈ። እኔ ይሄ አቤቱታ አልመሰለኝም። ማዳምም ሰዓቱን አይታ «አሥር ደቂቃ ቆይቷል» አለችና ሳቀች፤ በዚያ ወር ስትስቅ ያየኋት መጀመሪያዬ ነው።

ያ ሳቋ ነው ያጠፋኝ። ሰው ሲደሰትብኝ ምክሬ ማለቂያ የለውም። ከሳቀች በሦስተኛው ቀን «ማዳም፣ ይህ መንደር ተያዥ ያስፈልገዋል» አልኳት።

ተያዥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ለማዳም ግን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ያስረዳኋትም በራሴ ነው። ጅቡቲ ከባቡር የወረድኩ ጊዜ የያዝኩት አንድ ፌስታል ልብስና አንድ የስልክ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩም አይሠራም። አሥራ አንድ ቀን በር ለበር ዞርኩ። በየበሩ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ያውቅሻል?» ወጥ መሥራት እችላለሁ እላለሁ፤ «ማን ያውቅሻል?» በመጨረሻ ካርቲዬ 2 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ እትዬ ፋጡማ የሚባሉ የድሬ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ደክሞኝ ቁጭ አልኩ። ውሃ ሰጡኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሰፈሬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሻሻቸውን አስረው ሱቃቸውን ዘጉና አንድ ቤት ድረስ ይዘውኝ ሄዱ፤ ለባለቤቶቹም «ይቺ ልጅ የእኔ ናት፤ ብትሰርቅ እኔን ያዙኝ» አሉ። ከዚያ ደቂቃ በፊት አይተውኝ አያውቁም። እስከ ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያች ቃል ነው።

ይህን ስነግራት ማዳም አልጻፈችም፤ ደብተሯን ዘግታ ሰማችኝ። ከዚያ «ይሄ ነው» አለች፤ ሕጉንም አብረን አወጣነው። አዲስ ሰው ተያዥ ካላቀረበ ሽማግሌው ሰይፍ አይሰጡትም፣ ወደ ውጪ የሚያስወጣው የመንደሩ በርም አይከፈትለትም። ተያዥ የሚሆነው ሽማግሌው የሚያውቁት ሰው ነው፤ እሱም «ይሄ ሰው የእኔ ነው፤ ቢሰርቅ እኔን ያዙኝ» ማለት አለበት። አንዴ ተያዥ አግኝቶ በሩን ያለፈ ሰው ለሌላው ተያዥ መሆን ይችላል። ተያዥ የሆነለት ሰው ካጠፋ ግን ተያዡ ይታሰራል፤ ከእስር ቢፈታ እንኳ በዚያ ቀን ቃሉ አይሰማም። ይቺን የመጨረሻዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የማይታሰር ተያዥ ምን ዋጋ አለው ብዬ።

የታደሰው መንደር የሚከፈትበት ዕለት ሐሙስ ነበር። እኔ ለምሳ ዓሣ ጥጄ ነበር። መንደሩን ከፈቱት፤ አዲስ ተጫዋቾች እንደ ጎርፍ ገቡ። ውሻው ይጮኻል፣ ሰላምታው ይወርዳል፣ ሰው እንስራ ሊሰብር ገብቶ የሴትዮዋን ልጆች ስም እየተጠየቀ በሃፍረት ይወጣል። ማዳምና እኔ ተቃቀፍን። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አደባባዩ በቁምጣ ለባሽ ሞላ። አንድም ሰው ከመንደሩ አልወጣም። መጀመሪያ ወደውት ነው ብለን ነበር።

ለካስ አንድ ነገር ረስቼ ኖሯል። እኔ ጅቡቲ ስመጣ እትዬ ፋጡማ ከእኔ በፊት መጥተው ነበር። እዚህ መንደር ግን የመጣው ሁሉ ዛሬ የመጣ ነው። ሽማግሌውን የሚያውቅ የለም፤ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ የለም። ሁለት መቶ ሰው በር ላይ ቆሞ «ማን ያውቅሃል?» እየተባለ ይመለሳል። አስቡት፤ እኔ አሥራ አንድ ቀን ያየሁትን ፍዳ ለሁለት መቶ ሰው አከፋፈልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

የማዳም ስልክ ጮኸ። አለቆቿ ናቸው። ሕጉ ይቀየር ቢባል ጌሙ መዘጋት አለበት፤ ዛሬ ከተዘጋ ደግሞ ሰው አይመለስም። ማዳም ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ግቢ» አለችኝ።

«የት?»

«መንደሩ ውስጥ። የቆየሽ ነዋሪ አደርግሻለሁ። ሽማግሌው ያውቁሻል። ተያዥ ሁኛቸው።»

ስክሪኑ ላይ እኔን የምትሆን አንዲት ሽርጥ የታጠቀች ሴትዮ ሠርታ ማውሱን እጄ ላይ ጣለችና ስልኳን ይዛ ክፍሏ ገባች። የእኔ ፈረንሳይኛ የገበያና የወጥ ቤት ነው፣ ለመጻፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ኤልሚን ጠራሁት። ሰዓቱ ሰባት አልፏል፣ ጉንጩ ሞልቷል፣ መንፈሱ ረክቷል፣ የሰላጣውንም ነገር ረስቶታል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሰልፍ አስያዝናቸው።

ሁለት መቶ ሰው ነው፤ «የእኔ ናቸው» ብሎ አንድ ጊዜ ጨርሶ ወደ ዓሣዬ መመለስ ነበር። አልሆነልኝም። የማላውቀውን ሰው የእኔ ነው ልል ነው እኮ። የመጀመሪያውን «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። አሁን ነው የጀመርኩት» ብሎ ጻፈ።

«አሁን የጀመረ ሰው እናት የለውም?»

«እናቴ ጨው ነጋዴ ነበረች። ግመሏ ጠፍቶባት እሱን ልፈልግ ወጣሁ» አለ። ከኋላው ያለችው ደግሞ ሳትጠየቅ «ነጭ ግመል ከሆነ ትናንት አይቼዋለሁ» ብላ ገባች። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ግመል ያየ፣ ግመል የሰረቀ፣ ከግመል የወደቀ ሆነ። ተራዋ ገና ያልደረሰ አንዷ ከሠርጓ አምልጣ የመጣች ናት። አንዱ አባቱ ስሙን የረሱት አንጥረኛ ነው፤ እሱን ስሰማ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እየሰማሁ፣ እየመከርኩ፣ አንዳንዱንም እየተቆጣሁ የእኔ ናቸው እያልኩ አሳለፍኳቸው። ዓሣው ያን ጊዜ ነው ማረር የጀመረው። የሽታው ነገር እንግዳ ሆኖብን «ጎረቤት ዓሣ እያሳረረ ነው» አልን።

ኤልሚ ድንገት እጁን አነሳ። «ይሄኛውን አታሳልፊ» አለኝ። «ስሙ ገዳይ 99 ነው።»

«ዘጠና ስምንት ገዳይ ከፊቱ አለ ማለት ነው?»

«አባዮ፣ እኔ በረኛ ነኝ። ሰው አውቃለሁ። ይሄ ሰው አያምረኝም።»

ገዳይ 99ን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «የማንም» አለ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። «ከየትም» አለ። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለ። እንግዲህ ሰው ርቦኛል ሲል እኔ ደካማ ነኝ። ጌም መሆኑ ትዝ አላለኝም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ኤልሚ እየተነጫነጨ «ይሄ ሰው የእኔ ነው፤ ቢሰርቅ እኔን ያዙኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ገዳይ 99 ሰይፉን ተቀበለ፣ ዞር ብሎ የሽማግሌውን በቅሎ ከደጃቸው ፈታ፣ በሩን አልፎ ሄደ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ይሄኛው ግን በቅሎ ነው የወሰደው።

ሕግ ሕግ ነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሁለት ጦር የያዙ ሰዎች መጥተው ሽርጧሟን ሴትዮ ከአደባባዩ አንስተው አንዲት ጠባብ ቤት ከተቷት። በትንሽ መስኮት ፊቷ ብቻ ይታያል። በቅሎው እስኪመለስ እዚያው ናት።

«እንግዲህ ጋቦዴ ገባሽ» አለኝ ኤልሚ። የከተማው ወህኒ ቤት ያለው ጋቦዴ ነው። እሱ ይህን የሚለው እየሳቀ ነው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ያሳለፍኳቸው መንገድ ላይ ናቸው፣ የቀሩት መቶ ሰዎች ደግሞ እንደገና ተያዥ አልባ ሆኑ። ዓሣው ትዝ ያለኝም ያን ጊዜ ነው፤ ሮጬ ምድጃውን አጠፋሁና ተመለስኩ።

ስመለስ ሰልፉ አልተበተነም። ዞሮ እስር ቤቱ መስኮት ሥር ቆሟል። ያቺ ከሠርጓ ያመለጠችው፣ ገና ሳላሳልፋት የቀረችው፣ አንዱን ቤት አንኳኩታ፣ የሴትዮዋን ልጆች ስም ጠይቃ፣ ዳቦ ተሰጥቷት መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሌላውም ተከተላት። ለእስረኛ ስንቅ ማቀበል እንደሚገባ የነገራቸው ሰው የለም፤ ሕጉም ውስጥ አልነበረም። መስኮቴ በዳቦና በሰላጣ ሞላ።

በዚህ መሃል አንድ ቁምጣ ለባሽ ሰልፉን ጥሶ መጣ። ስሙ ላይ «ፒየር» ይላል።

«በሩን ክፈቱልኝ» ብሎ ጻፈ።

«ሰላምታ የለም?» ብዬ አስጻፍኩለት።

«እኔ የዚህ ጌም ባለቤት ነኝ።»

ኤልሚ አነበበልኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከእሱ በፊት ሁለት ንጉሥና አንድ አምላክ ነኝ ባይ አስተናግደናል። «እኔም የወደቡ ባለቤት ነኝ በለው» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ሰልፍ ይያዝ።»

ሰውዬው ዞሮ ወደ ሰልፉ ጫፍ ሄደ። ተራው ሲደርስ ከፊቱ ካሉት ተምሮ ኖሮ እንደምን ዋልሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ እስሩ እንዴት ይዞሻል ብሎ ጀመረ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «የሉሲየን ልጅ ነኝ። አባቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ስሙን ከጠራሁት ብዙ ጊዜ ሆነኝ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ደስ አለኝ። እስረኛ ስለሆንኩ ልይዘው እንደማልችል በትሕትና አስነገርኩት።

ያን ጊዜ ማዳም ከክፍሏ ወጣች። ስልኳን በእጇ አፍናዋለች። «ትልቁ አለቃ ራሱ መንደሩ ውስጥ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ከገባ አንድ ሰዓት ሆነው። ጌሙን ይዝጋ አይዝጋ ዛሬ ይወስናል። ስሙ ፒየር ነው። አይታችሁታል?»

ኤልሚ እጁን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ። የሚጠብቀው በር እንዳለ ትዝ እንዳለው ነግሮን ወጣ። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። የማስበው ስለ እህቴ ነበር፤ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር፣ እኔ ደግሞ የሚያኖረንን ሰው ወደ ሰልፍ ጫፍ ላክሁት።

ወዲያው ውሾቹ ጮኹ። ከመንደሩ በር ውጪ ገዳይ 99 በቅሎውን እየጎተተ ቆሟል። ያሳለፍኳቸው ሰዎች መንገድ ላይ አግኝተውት «ሴትዮዋ ባንተ ታሰረች» ብለውታል። ገባ፣ በቅሎውን ሽማግሌው ደጅ አሰረ፣ መስኮቴ ሥር መጣ። ማዳም አነበበችልኝ። «ጌም ላይ ያልሰረቅኩት ነገር የለም» ይላል። «ሰው ሲታሰርልኝ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ተፈታሁ። ፒየር አሁንም በር ላይ ቆሟል። «ቶሎ በዪ፣ አሳልፊው» አለች ማዳም። አልቻልኩም፤ የተፈታ ተያዥ በዚያ ቀን ቃሉ አይሰማም፤ የማን ሕግ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሩን አልፎ ተመልሶ የመጣ፣ ተያዥ ሊሆን የሚችል ሰው በመንደሩ አንድ ብቻ ነበር። እኔም ፒየርን ወደ እሱ መራሁት።

ገዳይ 99 ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች ያየው መሰለኝ። «የማን ልጅ ነህ?» አለው። ፒየርም የሉሲየን ልጅ መሆኑን፣ ስለ ብስክሌቱም እንደገና ነገረው። «ይሄ ሰው የእኔ ነው» አለ ገዳይ 99። «ቢሰርቅ እኔን ያዙኝ።» የጌሙ ባለቤት በበቅሎ ሌባ ተያዥነት ሰይፉን ተቀበለ። በሩን አልፎ ግን ወዲያው ተመለሰ፤ ለሚቀጥሉት ሰዎች ተያዥ እየሆነ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። ማዳም ክፍሏ ተመልሳ ገባች፤ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያረረውን መጥበሻ መፋቅ ያዝኩ። ሰው ሲጨነቅ መጥበሻ መፋቅ ጥሩ ነው። ማዳም መጣች። ሌላ ጊዜ ቀጥታ ወደ ፍሪጁ ነው የምትሄደው። አሁን በሩ ላይ ቆመች።

«እንደምን ዋልሽ» አለችኝ። «እህትሽ ደህና ናት? ትምህርቷ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?»

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ሰላምታ የሚያበዛ መርዶ የያዘ ሰው ነው። ደህና ነን፣ ይመስገን እያልኩ መጥበሻውን አጥብቄ ያዝኩት።

«መንደሩ አይዘጋም» አለች። «አንድ ነገር እንዳይነካበት ብሏል።»

ተመስገን አልኩ። ማዳም ግን አልሄደችም። ፊቷ ቀልቷል፤ የሙቀቱ አይመስለኝም። ይህች ሴት ስትቀጥረኝ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዓሣ መሥራት እችል እንደሆነና ድመት እፈራ እንደሆነ። ክፉ ሆና አይደለም፤ በአገሯ ሌላውን መጠየቅ ነውር መስሏት ነው።

«ፒየር ሲጨርስ ያቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት አለኝ» አለች። «ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። አላውቅም አልኩት።»

በሩን ለቅቃ ወደ እኔ ቀረበችና ጠየቀችኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

መጥበሻውን አስቀመጥኩ፣ እጄን ጠረግኩ፣ የወጥ ቤቱን ዱካ ሳብኩላት።

«ይቀመጡ ማዳም» አልኳት፤ «ይረዝማል።»